የዘጠናዎቹን አልተርኔቲቭ ሮክ የሚያጫውት አዲስ ኤፍ ኤም ተከፍቷል፤ ሰምታችሁታል?

ዳለስ_ማታ
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ማክሰኞ ሌሊት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለው ዳለስ ኤርፖርት ያነሳሁትን ሰው ሮክቪል አድርሼ ስመለስ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ሬዲዮውን እነካካ ነበር። በሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች መሀል፣ ድሮ ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የማይሰማበት ቦታ ላይ፣ ጊታር ሰማሁ። ኒርቫና የሚባለው ባንድ ነው። ተከትሎ ዘ ኪዩር መጣ። ከዚያ ጋርቤጅ። በመሀል የሚያወራ ሰው የለም። ድምፁ የወፈረ፣ የተቀዳ ሰውዬ ብቻ በየሦስት በየአራት ዘፈኑ ብቅ እያለ «ያደጋችሁበት አልተርኔቲቭ ተመልሷል» ይላል።

እኔ እንኳ በሱ አላደግኩም። ያደግኩት መርካቶ፣ ሰባተኛ ነው። ግን መኪናዋን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ የአደጋ መብራት አብርቼ ሃያ ደቂቃ።

በፈረንጅ 1997 እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ኬ ስትሪት ላይ ፓርኪንግ ነበር። ከመሬት በታች ያለች ጠባብ የመስታወት ዳስ። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ አንቴናዋ የተሰበረ ሬዲዮ ጥሎልኝ ሄዷል። የልብስ መስቀያ ሽቦ አሰርኩላት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚገባላት ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ 99.1፣ ኤች ኤፍ ኤስ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ዘፋኙን ሰው እያነቀው መሰለኝ። በሦስተኛው ወር አብሬው እጮህ ነበር። እንግሊዝኛዬ ግማሹ ከዚያ የተለቀመ ነው። ለዚህ ይሆናል ዛሬም የሚያምርልኝ ስናደድ ብቻ።

ሌላ የሰማው አለ? የማን ነው? የጣቢያውን ስም ያልጻፍኩት ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው።


ጉራማይሌ
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9:05

ዘጠናዎቹ ስትል በነሱ ነው በኛ? በኛ ከሆነ ቴዲ አፍሮ ነው የሚመጣልኝ።


ዳለስ_ማታ

በነሱ። በኛ ሰማንያዎቹ መሆኑ ነው። አታደናግረኝ፣ ሌሊት ነው።


ጉራማይሌ

እሺ፣ አልተርኔቲቭ ማለትስ? የምን አማራጭ ነው?


ካሴት_ቤት
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20

ጉራማይሌ፣ ቀልድ አስመስለህ ጠየቅክ እንጂ ሰዎቹ ራሳቸውም አልተግባቡበትም። መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናጫውትም ያሉት ሁሉ አልተርኔቲቭ ነበር። የኮሌጅ ሬዲዮ የሚያነሳው፣ ትንንሽ አሳታሚ የሚያወጣው፣ ከእንግሊዝ በሻንጣ የመጣ ሸክላ። ቢልቦርድ መጽሔት ለዚህ ሙዚቃ የራሱን ሰንጠረዥ የከፈተለት በሴፕቴምበር 1988 ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ የኒርቫና ሁለተኛ አልበም ወጣ። ደርግ በወደቀ በአራተኛ ወሩ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 1992 ማይክል ጃክሰንን ከአንደኛነት አወረደው። ከዚያ ወዲያ አማራጭ የተባለው ራሱ ዋናው ሆነ፣ ስሙ ግን እንደያዘው ቀረ። አዲስ ከተማ እንደምንለው ማለት ነው። አሁን ምኑ ነው አዲስ?

ዳለስ_ማታ፣ ያቺን 99.1 ስለጠራሃት አንጀቴን በላኸው። ጣቢያዋ በ1961 ቤተስዳ ውስጥ፣ በ102.3 ላይ ነው የተጀመረችው። ስሟም «ሃይ ፊደሊቲ ስቴሪዮ» ከሚለው የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ስቴሪዮ ራሱ ብርቅ ነበር። በ1983 ወደ 99.1 ዞረች። 50,000 ዋት ስለነበራት ዋሽንግተንንም ባልቲሞርንም ትደርሳለች። ዳስህ ውስጥ የገባችልህ ሽቦው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም።

የሞተችበትን ቀን ደግሞ እኔ ልንገርህ። እዚሁ ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ኤል ሳልቫዶራዊ ነው። ሬዲዮዋ አንድ ናት፣ ከማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጠች፣ ማዞሪያዋ በዘይት የተሟሸ። ሕግ ነበረን። ጠዋት የሱ ተራ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ የኔ። እሮብ ጃንዋሪ 12፣ 2005። በኛ ጥር 4 ቀን 1997፣ ጥምቀት ሊደርስ ልክ ሳምንት ሲቀረው። ትንሽ ቀደም ብዬ ተራዬን ወስጄ 99.1 ላይ አደረግኩት። የጄፍ በክሊ ዘፈን ነው። የስንብት ዘፈን። አለቀ። እኩለ ቀን ሆነ። ከዚያ በስፓኒሽ «ኤል ሶል!» የሚል ድምፅና ጥሩምባ።

ዘወር ብዬ ሰውዬውን አየሁት። እጁ ሊጥ ውስጥ ነው። «ተራዬን ለምን ትነካለህ?» አልኩት። «ኧረ አልነካሁም» ይላል። ሄጄ ቁጥሩን አየሁት፣ 99.1 ላይ ነው። እሱ ገባው፣ እኔ አልገባኝም። ሊጡን ጥሎ እንዴት እንደጨፈረ አልነግራችሁም። ያለ ማንም ማስጠንቀቂያ፣ የ43 ዓመት ጣቢያ በአንድ ደቂቃ የስፓኒሽ ጣቢያ ሆነች። አዲሱ ባለቤት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ያው ድርጅቱ ነው የቀየረው።

አኩርፌው ነበር፤ ሳምንት ቆይቶ ነው የገባኝ። እሱ ለስንት ዓመት በዚህ ከተማ በገዛ ቋንቋው ኃይለኛ ኤፍ ኤም አጥቶ በኔ ጩኸት ሲሠራ ነበር። እኛ እስከዛሬ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተከራይተን አይደል የምናወራው? ስለዚህ ጣቢያዋን ቀበርኳት፣ ሰውዬውን ግን ይቅር አልኩት። የልጁ ክርስትና ላይ እኔ ነበርኩ ዶሮ የሠራሁት።


የታክሲ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:15

ሰላም፣ አማርኛዬ የሰንበት ትምህርት ቤት ስለሆነ እንዳትስቁብኝ።

ጋሼ ካሴት ቤት፣ የጻፉትን ለአባዬ አነበብኩለት። እሱም ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ነበር። «ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ በቡጢ መታሁት» አለኝ።

እኔ ያደግኩት በአባዬ ታክሲ የኋላ ወንበር ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ግማሹ መንገድ መዝሙር፣ ግማሹ መንገድ 99.1። መዝሙሩ የእማዬ ትዕዛዝ ነበር። ከድልድዩ በኋላ ይቀይረዋል። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይለኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት ጠብቄ አሁን ለሁላችሁ ነገርኳችሁ።

ጣቢያዋ በ1990 የጀመረችው ትልቅ ፌስቲቫል ነበራት፤ ኤች ኤፍ ኤስቲቫል ይባላል። ከተቋረጠ ብዙ ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 21፣ 2024 ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ላይ ተመልሶ ተደረገ። እንቁጣጣሽ ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል። ለአባዬ ስጦታ ቲኬት ገዛሁለት። ኢንኩበስ፣ ቡሽ፣ ጋርቤጅ፣ ሊዝ ፌር ነበሩ። አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ከረባት! «ኮንሰርት አይደል እንዴ የምንሄደው?» አለኝ። መኪና ስናቆም ፓርኪንጉን የሚያስከፍለው ሰው ያገር ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ሰላምታው ብቻ የመጀመሪያውን ባንድ ጨረሰብኝ።

ጋርቤጅ ሲወጡ ግን አባዬ ዝም አለ። ቃላቱን በሙሉ ያውቃቸዋል። እኔ አንዳንዱን ብቻ።


አንቴና
ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ልጄ፣ አማርኛሽ ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ለዳለስ_ማታ ጥያቄ መልስ ልስጥ። እዚህ አገር ለብዙ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያዎች ቴክኒክ ክፍል ስለሠራሁ የነገሩን ሆድ ዕቃ አውቀዋለሁ። እንደገለጽከው ከሆነ፣ በሁለት ትልልቅ ጣቢያ መሀል የገባች፣ ዲጄ የሌላት፣ ሮክቪል ላይ የምትሰማና ምናልባት አርሊንግተን ስትደርስ የምትጠፋ ነገር፣ ትራንስሌተር ናት። ከ250 ዋት አይበልጥም። ከድሮዋ 50,000 ዋት ጋር አስተያየው። ሻማና የስታዲየም መብራት።

ትራንስሌተር ድሮ ተራራ የከለለውን መንደር ለመድረስ ነበር የሚተከለው፤ የትልቁን ጣቢያ ድምፅ ተቀብሎ ማስተጋባት ብቻ ነው ሥራው። በኋላ አንድ ብልሃት ተገኘ። ትልቁ ኤፍ ኤም በዲጂታል በኩል ተጨማሪ ንዑስ ቻናል ይከፍታል። ያንን ተራ ሬዲዮ አይቀበለውም፣ ሰሚ የለውም ማለት ይቻላል። ትራንስሌተሩ ግን ያንን ንዑስ ቻናል ወስዶ በተራ ኤፍ ኤም ያስተጋባዋል። ሕጉ አልተጣሰም። አድማጩ ግን አዲስ ጣቢያ የተወለደ ይመስለዋል። ወጪው ትንሽ፣ ሠራተኛው ኮምፒዩተር። ያ ወፍራም ድምፅም ለብዙ ከተማ በአንድ ቀን የሚቀዳ ሰው ይሆናል።

ለምን የድሮ ሙዚቃ? ማስታወቂያ የሚገዙት የሚፈልጉት ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን ሰው ነው። በ1994 የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ቤት፣ መኪና፣ የጥርስ ሐኪም ይገዛል። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን የሞተ ዓመት ያለቀሰው ልጅ አሁን የጣሪያ ጥገና ይፈልጋል። ማስታወቂያዎቹን ልብ ብለህ ስማቸው።

ጥፋቱን ለመረዳት ደግሞ ወደ 1996 መመለስ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ድርጅት በመላው አሜሪካ ከ40 በላይ ሬዲዮ መያዝ አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የቴሌኮም ሕግ ጣሪያውን አነሳው። ክሊር ቻናል የሚባለው ድርጅት ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚጫወት ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መወሰን እየተወ መጣ።


ዳለስ_ማታ

ጋሽ አንቴና፣ እግዜር ይስጥልኝ። አርሊንግተን ላይ እንደሚጠፋ እንዴት አወቁ? ልክ ድልድዩን ስሻገር ነው አንድ ሰባኪ የሚውጠው። ኒርቫና እየጮኸ መሀል ላይ «ንስሐ ግቡ» ይላል።


ጽኑ_ዓለት

ሰባኪው ትክክል ነው። ይሄ ሁሉ የሰይጣን ጩኸት ነው። ባህል አለን፣ በገና አለን። በስደት አገር እነዚህን ሱሪያቸው የተቀደደ ሰዎች


አወያይ

ጽኑ_ዓለት፣ ጽሑፍህን እዚህ ላይ ቆርጬዋለሁ። ስለ በገና ሌላ ውይይት መክፈት ትችላለህ፣ እኔም እመጣለሁ። እዚህ ግን ስለ ሬዲዮ ነው።


ሬንየር
ዓርብ፣ ጠዋት 4:00

ከሲያትል ነኝ። ከሬንየር ጎዳና አጠገብ፣ ማለትም እንጀራ ለመግዛት መኪና ከማያስፈልግበት ሰፈር።

እዚህ ግራንጅ የሚባለው ሙዚቃ እንደ ቡና አገር ምርት ነው። ኤርፖርቱም ይሸጠዋል። ግን ጋሽ አንቴና ያሉትን የሚቃወም አንድ ጣቢያ አለን፤ ኬኢኤክስፒ፣ 90.3። በ1972 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣቢያ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ የያኔ ስሙ ኬሲኤምዩ ነበር። የሳውንድጋርደን ባንድ ጊታሪስት ኪም ታይል እዚያ ዲጄ ነበር። አሁን የሚኖረው በዋናነት አድማጮች በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ዘፈኑን የሚመርጠው ስቱዲዮ የተቀመጠው ሰው ነው። የ1991ን ዘፈን ያጫውትና ቀጥሎ የማሊ ጊታር፣ ቀጥሎ ትናንት የወጣ። በማርች 2024 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 92.7 ላይም ተከፍቷል።

ስለዚህ የድሮውን መውደድ አይደለም ችግሩ። እኔ እዚህ የድሮ ዘፈን በየቀኑ እሰማለሁ። ልዩነቱ ማን አነሳው ነው። ሰው ሲያነሳው «ይሄን ስማልኝ» የሚል ነገር አለው። ቡና እየጠጣችሁ ጓደኛችሁ ካሴት ሲገለብጥ እንደማለት።


ዱባይ_ማሪና

ጎበዝ፣ ሊንክ አግኝቼ ስነካው «ይህ ጣቢያ ባሉበት አገር አይሰማም» አለኝ። ስደትም ደረጃ አለው ለካ።


ጉራማይሌ
ዓርብ፣ ማታ 2:45

ቆይ ቆይ። እስካሁን ስቀልድ ነበር፣ አሁን የምሬን ነው።

ይሄ ጣቢያ ኬናን ያጫውታል?

ኬና ዘመድኩንን የማታውቁ ካላችሁ፦ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ትውልዱ እዚያ፣ ያደገው ቨርጂኒያ ቢች። እኔ ኖርፎክ ነው ያለሁት፣ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ስለዚህ በሱ ጉዳይ ለዳኝነት አልመችም። አልተርኔቲቭ ነው የሠራው። የሰማንያዎቹ የእንግሊዝ ሲንተሳይዘር ያለበት፣ ወደ ሮክ የሚያደላ፣ የማን እንደሆነ ለመናገር የሚያስቸግር ነገር። የመጀመሪያ አልበሙን ያዘጋጀለት ኔፕቲዩንስ ከሚባሉት ሁለት የሙዚቃ አዘጋጆች አንዱ፣ ቻድ ሂዩጎ ነው። በ2003 ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ጋ ነው የሚያቃጥለው። ጸሐፊው ማልኮልም ግላድዌል በ2005 ባወጣው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለሱ ጽፏል። የሙዚቃ ባለሙያዎች፣ ጆሯቸው የተሳለ ሰዎች፣ ሲሰሙት ያብዱለታል። ወደ ገበያ ጥናት ሲላክ ግን ወደቀ። የዘፈኑን ቁራጭ የሰማ ተራ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠው። ያንን ወረቀት የያዘ የሬዲዮ ኃላፊ ደግሞ አያጫውትም። መድረክ ላይ ያዩት ሰዎች ግን ይወዱታል። በኋላ ለግራሚ እስከመታጨት ደርሷል። ጃንዋሪ 2010 ላይ ለንጹህ ውኃ ጉዳይ ታዋቂ ሰዎችን አስከትሎ ኪሊማንጃሮ ወጥቷል። ተራራው ተወጣ፣ ሬዲዮው አልተወጣም።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። «ያደጋችሁበት አልተርኔቲቭ» ሲሉ፣ የኛ ልጅ የት አለ?


አንቴና

ጉራማይሌ፣ ይሄ ጥያቄ ነው።

ጥናቱ እንዴት እንደሚደረግ ልንገርህ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል። አሁን አሁን በኢንተርኔትም ነው። የእያንዳንዱ ዘፈን ከ7 እስከ 10 ሰከንድ የምትሆን ቁራጭ ይሰማሉ፤ ያቺ የምትታወቀዋ መንጠቆ። ወደድኩት፣ ሰለቸኝ፣ አላውቀውም ብለው ነጥብ ይሰጣሉ። በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ቁራጭ። «አላውቀውም» የተባለ ዘፈን ከዝርዝሩ ይወጣል። ያው ነው።

አስበው እንግዲህ። በ2003 ሬዲዮ አላጫወተውም። ስላላጫወተው ሰው አያውቀውም። ሰው ስለማያውቀው ዛሬ የትዝታ ጣቢያ አይመርጠውም። የትዝታ ጣቢያ የሚያስታውሰው ያኔም የተጫወተውን ብቻ ነው።

አንዳንድ አድማጭ ደግሞ ትንሽ መመዝገቢያ ዕቃ ይዞ ይዞራል። የሚሰማው ጣቢያ በድምፁ ውስጥ የቀበረውን፣ ጆሮ የማይለየውን ምልክት ትመዘግባለች። ጣቢያ ሲቀየር ደቂቃውን ታውቃለች። እንግዳ ዘፈን ሲገባ ሰው ከሸሸ በግራፍ ላይ ይታያል። ማን ይደፍራል?


ካሴት_ቤት

አዳምስ ሞርጋን ካሴት ስሸጥ ጥናቴ ይሄ ነበር፦ ሰው በር ላይ ቆሞ ከሰማና ካልገባ፣ ዘፈኑን እስኪገባ እደግመው ነበር።

ጋሽ አንቴና ስለ ትዝታ ያሉትን ስሰማ ግን ኃይሉ መርጊያ ትዝ አለኝ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት። እዚህ ዲሲ ቀርቶ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኤርፖርት ላይ የኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አግኝቶ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በዓለም ዞረ። የትኛውም ጥናት አላወጣውም። አንድ ካሴት ያነሳ ሰው ነው።

ዳለስ_ማታ፣ አንተ እዚያ ተራ ስትጠብቅ አላገኘኸውም?


ዳለስ_ማታ
ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 7:10

አግኝቼዋለሁ እንዳልል ዋሸህ ትሉኛላችሁ። ኤርፖርቱ ውስጥ ሁሉም አግኝቼዋለሁ ነው የሚለው።

ሦስት ሌሊት አዳመጥኩ። በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ዘፈኑን እየጻፍኩ። ከአንድ ተሳፋሪ ጋር «ሰላይ ነህ?» ተባባልን። ጋሽ አንቴና ልክ ነዎት። አንዱን የፐርል ጃም ዘፈን በአንድ ሽፍት ሦስቴ ሰማሁት፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅ ጨመርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ዘጋሁት። ፐርል ጃምን! ራሴን አፈርኩ። ኬና የለም። የእንግሊዞቹ ሳይቀሩ ያው አራት አምስቱ ናቸው። በፓርኪንጓ ዳስ ውስጥ ማታ ማታ የምሰማቸው፣ ስማቸውን ሳልይዝ የቀረሁ ባንዶች ነበሩ። እነሱን ነበር የጠበቅኩት። አንዳቸውም አልመጡም።

ማታ ደግሞ በጣቢያው መተግበሪያ ላይ ጻፍኩ። «እባካችሁ ኬናን አጫውቱልኝ፣ ያገሬ ልጅ ነው» ብዬ። በሁለት ሰከንድ መልስ መጣ። የጥርስ ሐኪም ቅናሽ።

ግን አልዋሽም፣ እየሰማሁት ነው። አሁንም በርቷል። ትናንት ከሬገን ኤርፖርት ያነሳኋት ሴትዮ ሃምሳዎቹን የጀመረች ትመስላለች፤ ስልኳን አስቀምጣ መስኮት መስኮት እያየች እስከ ቤቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቤቷ ስንደርስ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልወረደችም። እኔም ሒሳቡን አልዘጋሁም።


ሬንየር

ታዲያ ለምን ራሳችሁ አትሠሩትም? እዚያ በሳምንት መጨረሻ ሰዓት የሚከራዩ የአማርኛ ፕሮግራሞች አሉ አይደል? አንድ ሰዓት። የዘጠናዎቹ አልተርኔቲቭ በአማርኛ ማብራሪያ።


ካሴት_ቤት

የአማርኛ ፕሮግራም አድማጭ ሬዲዮሄድ የሚባለው ባንድ ሲጀምር ደውሎ «ሞገዱ ተበላሽቷል» ነው የሚለው።


አንቴና

ይደውላ። ስልክ የሚደወልበት ጣቢያ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሒሳቡ አንጻር አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ አገር ተራ ኤፍ ኤም የሚከፍለው ለግጥምና ዜማ ደራሲው ነው። ለዘፋኙ አይከፍልም። በኢንተርኔት ከሆነ ግን ለዘፋኙም መክፈል ግዴታ ነው፣ ሳውንድኤክስቼንጅ በሚባለው በኩል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ከከፈታችሁት ኬናም ድርሻው ይደርሰዋል። ቡና የማይገዛ ሳንቲም ይሆናል፣ ግን ይደርሰዋል።

ሚክሰር አለኝ። ማይክራፎን ሁለት አለኝ፣ አንዱ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ምድር ቤቴ ባዶ ነው፣ ባለቤቴ በርበሬ ስታሰጣበት ካልሆነ።


ጉራማይሌ

ከኖርፎክ በስልክ እገባለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ግን ኬና ነው። በዚህ አልደራደርም።


ዳለስ_ማታ

ቅዳሜ ማታ ሥራ ይበዛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብናደርገውስ? ያንን የልብስ መስቀያ ሽቦ እፈልገዋለሁ፣ ጋራዥ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ።


አንቴና

ለኢንተርኔት ሽቦ አያስፈልግም ልጄ።


ዳለስ_ማታ

አውቃለሁ። ይዤው እመጣለሁ።


የታክሲ_ልጅ
እሑድ፣ ጠዋት 3:25

ለአባዬ ነገርኩት። ቁርሱን አቁሞ የድሮ ሲዲዎቹን ከአልጋ ስር እያወጣ ነው። እማዬ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» ስትለው «መዝሙር ነው» አላት።

እሱ ደግሞ አንድ ሁኔታ አለው። ዲጄው እሱ ነው፣ ማንም ጣልቃ አይገባም ብሏል። ከረባት ያስፈልጋል ወይ ብሎም ጠይቋል።